ዝም ያለችው ለማን ነበር?

ካራ ሜዳ ላይ ጀልባ ቆሞ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ያሻል፣ ቀጥሎ ይስቃል። ምን ያድርግ! እዚያ ሜዳ ላይ ውሃ የሚባል ነገር ያለው ክረምቱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው። ጀልባዋ ግን ምንም አይመስላት። ነጭ ሸራዋን ወጥራ፣ በአሮጌ የከባድ መኪና ጎማዎች ላይ ተቀምጣ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል በሚመጣው ነፋስ ትወዛወዛለች። አብዮቱ ሲመጣ አገሩ የገባ አንድ ፈረንጅ እሷንና እህቶቿን ግቢው ውስጥ ጥሎ ሄደ፤ ቀበሌው ግቢውን ሲወርስ ጀልባዎቹንም አብሮ ወረሰ። የሚያደርጋቸው ቢያጣ «የወጣቶች የሸራ ጀልባ ክበብ» ብሎ ስም አወጣላቸው። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ክበቡ ደብረ ዘይት ይወርድና ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል። እስከዚያው አባላቱ የሚለማመዱት በደረቅ መሬት ነው።

ፋዲላን እዚህ ያመጣት ያው ቀበሌ ነው። አባቷ ሐጂ ሳልህ መገናኛ ላይ ሸራና ገመድ ይሸጣሉ። እንኳን ልጃቸውን ከወንድ ጋር ጀልባ ላይ ሊያስቀምጡ፣ ከወንድ ጋር ታክሲ ስትጠብቅ ቢያዩም ደማቸው ይፈላል። ግን የጀልባዎቹ ሸራ ተቀዶ ሰፊ ሲፈለግ፣ የሐጂ ሳልህ ልጅ ወፍራም ሸራ በመኪና ትሰፋለች ተባለ። በዚያን ጊዜ ቀበሌ ጠርቶ «አልመጣም» የሚል አፍ ደግሞ አልነበረም። ፋዲላ ሸራ ልትሰፋ ሄዳ፣ የሰፋችው ሸራ በነፋስ ሲነፋ አየችና እዚያው ቀረች። ሸራውን ብቻ ነው ወይ ያየችው? ተዉኝ እስቲ! አሠልጣኙንም አይታለች።

አሠልጣኙ አብዱልሰላም ነው፤ የካራው የጭነት መኪና ሾፌር የከድር ልጅ። ምጽዋ ወደብ ላይ በጀልባ ሠርቶ የተመለሰ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሲናገር የማይቸኩል ልጅ። እናቱ ጂቱ ሜዳው ዳር ድረስ መጥታ በኦሮምኛ «ምሳህ ቀዘቀዘ!» ብላ ስትቆጣው ብቻ ነው የሚደናገጠው።

በዚያን ቀን የሚያስተምራቸው አዟዟር ነበር። ከአባላቱ አንዱ፣ ዲንሳ፣ ማዕበል ሆኖ ተመደበ፤ ማለትም ከጀልባዋ ጎን ቆሞ በገመድ እየሳበ ያወዛውዛታል።

«ጀልባ ስትዞር ይህ አግዳሚ እንጨት ከወዲህ ወዲያ ይወረወራል» አለ አብዱልሰላም፣ ከሸራው ሥር ያለውን ረጅም እንጨት እየደበደበ። «ያገኘውን ራስ ይፈነክታል። ስለዚህ መሪውን የያዘ ሰው 'ልዞር ነው!' ብሎ ይጠይቃል። ገመዱን የያዘው 'ዙር!' ብሎ ይመልሳል። መልስ ካልሰማችሁ አትዞሩም። አለቀ።»

«ጓድ አሠልጣኝ፣ ዝም ቢለኝስ?» አለ ዲንሳ። «ዝም ካለ እሺ ብሏል ማለት አይደል?»

ሁሉም ሳቀ። አብዱልሰላም ግን አልሳቀም።

«ውሃ ላይ እንደሱ የለም» አለ። «ምጽዋ እያለሁ ጓደኛዬን ጠየቅኩት፤ ዝም አለኝ። እሺ ያለ መስሎኝ ዞርኩ። ለካ ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞበት ከሱ ጋር ሲታገል ነበር። ስዞር እንጨቱ ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሯል። አላህ አተረፈው፤ እኔ ግን እስከዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ዝም ያለ ሰው እሺ አላለም። ይህን ብቻ ይዛችሁልኝ ብትሄዱ ይበቃኛል።»

ከዚያ ፋዲላን ጠራና ገመዱን አስያዛት፤ እሱ መሪውን ያዘ። «ልዞር ነው!» ሲል እሷ «ዙር» አለች፤ ራሷም አልሰማችውም። «ነፋሱ ወሰደው፣ ድገሚው!» አላት። «ዙር!» ብላ ጮኸች። ቤቷ ውስጥ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። አንገቷን ደፍታ በእንጨቱ ሥር ስታልፍ ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱም እኩል ሸሹ። ጓደኛዋ ወለተሥላሴ ከታች ሆና ይህን አየች፤ አይታ ግን ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረች።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሸራው ይታጠፋል። ሸራ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ወደ ኋላ ይወጥራል፤ ከዚያ ጫፍ ለማገናኘት አንዱ ወደ አንዱ ይራመዳል። ሌሎቹ ሻይ ፍለጋ ወደ መንገዱ ሄዱ። ወለተሥላሴ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጨዋ ጓደኛ እንዲህ ናት።

ጫፎቹ ሲገናኙ አብዱልሰላም አልለቀቀም።

«ፋዲላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«ጨዋታ አይደለም። ስሜትሽን ሳላውቅ አባቴን ላስቸግር አልፈለግኩም። አባቴን ወደ አባትሽ ልላከው?»

አዎ! አዎ! ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ላከው! ይህን ሁሉ ፋዲላ አለች፤ ግን በሆዷ ነው። እንዴት ብላ በአፏ ትበለው? እነሱ ቤት ልጃገረድ ስለ ባል ስትጠየቅ «እሺ» ብላ አትመልስም፤ ታፍራለች። ካልፈለገች ትናገራለች፣ ወይ ተነስታ ትወጣለች። ከፈለገች ግን ዓይኗን መሬት ላይ ትተክልና ዝም ትላለች፤ ያን ጊዜ ፈቅዳለች ይባላል። እናቷ እንዲህ አገባች፣ አክስቶቿ እንዲህ አገቡ። ፋዲላም የሸራውን ስፌት እያየች ዝም አለች። በሕይወቷ ከዚህ የበለጠ «እሺ» ብላ አታውቅም።

አብዱልሰላም ጠበቀ። ነፋሱ አንዴ መጥቶ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። እሱ አሁንም ጠበቀ።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ገባው! ፋዲላ ሸራውን ትታለት ሮጠች። ወደ ላምበረት በሚወስዳት ታክሲ ውስጥ ከሁለት ወፍራም ሴቶች መሃል ተጣብቃ ሳለ፣ ዓለም በሙሉ የሷ ሠርግ ቤት መሰላት።

ቀን ሄደ፣ ቀን መጣ፤ ከካራ ሽማግሌ ዝር አላለም።

በሚቀጥለው ሥልጠና አብዱልሰላም «ደህና ዋልሽ?» አላት፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለሚያገኘው ሰው እንደሚለው ዓይነት ነበር። የሷን ገመድ ለዲንሳ ሰጠና እሷን ከወለተሥላሴ ጋር መደባት። ሸራውን ሲያጥፍ ሌላ ሰው ጠራ። ፋዲላ ምን እንዳጠፋች ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። አባቱ እምቢ ብለው ይሆን? ወይስ ሐጂ ሳልህ የሾፌር ልጅ ብለው ያዋርዱኛል ብሎ ፈርቶ ይሆን?

«ተጣላችሁ እንዴ?» አለቻት ወለተሥላሴ።

«ምን ተነጋግረን ነው የምንጣላው?» አለች ፋዲላ።

እንዲህ ሆና ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ከቀበሌ ስብሰባ ስትመለስ እናቷ ረሂማ ሳሎኑን ስታጸዳ፣ የሻይ ብርጭቆ ስትለቅም አገኘቻት። ሽማግሌዎች መጥተው ሄደዋል። እናቷ ፊቷ በርቷል፤ «አባትሽ ይፈልጉሻል» ብቻ ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ላከ! ዘገየ እንጂ ላከ!

ሐጂ ሳልህ ስጋጃው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሴት ልጁን ስለ ባል የሚያናግር አባት ዓይን ዓይኗን አያይም፤ እሳቸውም የሚያናግሩት ስጋጃውን ነበር።

«ልጄ፣ ሰዎች መጥተው ጠይቀውኛል» አሉ። «ልጁ ጨዋ ነው። ሥራ አይንቅም፣ አላህን ይፈራል። መቼም እናትሽ ነግራሻለች። ቃል ልስጥ?»

ጨዋ፤ እውነት ነው። ሥራ የማይንቅ፤ ማን እንደሱ! ፋዲላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለችና ዝም አለች። እንባዋም መጣ። አባቷ ከቤት መውጣቱ ከብዷት ነው ብለው አዘኑላት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ሳልህ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ማን ስም ጠራ? ማንም! አባትየው እናቷ ነገረቻት ብለዋል። እናትየው ደግሞ አባቷ ይነግሯታል ብላ ደስታዋን ጉንጯን በመሳም ጨርሳለች። ልጅቱማ ማን እንደሆነ መጠየቋ እንዴት ይታሰባል! ሦስት የሚዋደዱ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ተፋፍረው አንዲት ሕይወት ሸጡ፤ ሦስቱም በዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ዋሉ።

በማግስቱ ረሂማ የልጇን ትከሻ በሜትር እየለካች ታወራለች። «የአብዱልናስር እናት ቀሚሱን እኔ አመጣለሁ አለችኝ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ራሴ ካልሰፋሁ ብያለሁ።»

«የማን እናት?»

«የአብዱልናስር ነዋ! ምን ነካሽ?»

አብዱልናስር የአባቷ የንግድ ጓደኛ ልጅ ነው፤ ሾላ ገበያ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣል። ከአፉ ክፉ የማይወጣው፣ ሰላምታው የማያልቅ ሰው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለፋዲላ እንዴት በቀለላት! ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ተሳስቻለሁ። እኔ ሌላ ሰው መስሎኝ…»

«ዝም በይ!» እናቷ በሩን ዘጋች። «ሌላ ሰው? የምን ሌላ ሰው? አባትሽ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋል፤ ኒካሁ በሚመጣው ዓርብ ነው። አንዴ ከአፋቸው የወጣ ቃል አንስተው አያውቁም። በዚህ ዕድሜያቸው አንገታቸውን ልታስደፊያቸው ነው? ይህን ነገር እኔም አልሰማሁ፣ አንቺም አልተናገርሽ።»

እናቷ ይህን ብላ ሜትሩን ከልጇ አንገት ነጠቀች። ፋዲላም ከዚያ በኋላ ከአብዱልናስር ይልቅ የእናቷን እጅ ፈራች።

ቅዳሜ የመጨረሻው ሥልጠና ነበር። እሑድ ክበቡ ደብረ ዘይት ይወርዳል። ፋዲላ ስትደርስ አባላቱ ጀልባዎቹን ለጉዞ እየጠፈሩ ነው። አብዱልሰላም ለብቻው ጎማዎቹን ይሰበስባል። ሰላም አላለችውም።

«ለምን አልላክህም?»

ቀና አለ። «ማንን?»

«አባትህን! ልላክ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም?»

«ጠየቅኩሽ» አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ዝም አልሽኝ።»

«ዝም አልኩህ እኮ!»

«ዝም አልሽኝ ፋዲላ! ቆሜ ጠበቅኩሽ። አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ልበል? 'እሺ ና ውሰደኝ' ልበል? አንተ የሙስሊም ልጅ አይደለህም? እህቶችህ ሲጠየቁ ምን ብለው ነው ያገቡት?»

አብዱልሰላም የያዘው ጎማ ከእጁ ወጥቶ ተንከባለለ። ሁለቱም ሲሄድ አዩት።

«ዝም ብለው» አለ።

«ታዲያ!»

«ያን ቀን ሙሉ ዝም ያለ ሰው እሺ አላለም እያልኩ ስጮህ ውዬ… ሸራ ይዘን፣ ጀልባ ሥር ቆመን… ሌላ ነገር በጭንቅላቴ አልመጣም። እንድትናገሪ ጠብቄ አልተናገርሽም። አልፈለገችኝም፣ እምቢ ማለቱን አፍራ ነው ብዬ…»

«'ገባኝ' አልከኝ እኮ! እኔ በዚያች ቃል ስንት ቀን ኖርኩባት!»

«እንዳልፈለግሽኝ ገባኝ ማለቴ ነበር።»

ፋዲላ መሳቅ ፈለገች፤ የወጣው ለቅሶ ነው። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው፦ ሽማግሌዎቹን፣ ስጋጃውን፣ ስም ያልጠሩትን አባቷን፣ አንተ ነህ ብላ ዝም ያለችውን ዝምታ። አብዱልናስርን ስትጠራ አብዱልሰላም ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን ላክ!» አለችው። «ዛሬ ማታ አባትህ ይምጡ!»

«አልችልም።»

«ትፈራለህ?»

«አልፈራም። ለሰው በታጨች ልጅ ላይ ሽማግሌ አይላክም፤ ሐራም ነው። አባቴ እሺ አይለኝም፤ ቢለኝም እኔ አላደርገውም። ሰውየው ምን በደለኝ? አንቺስ ነገ ምን ብለሽ ታምኚኛለሽ?»

«እንግዲያው ተወኝ፣ ላግባው!» ብላ ዞረች። ዞራ ግን አልሄደችም።

«ቃሉን ማንሳት የሚችሉት አባትሽ ናቸው» አለ ከኋላዋ። «እሳቸውን ሊያስነሳ የሚችል ደግሞ ከአንቺ በቀር የለም። አልፈቀድኩም በያቸው።»

«ፈቅጃለሁ እኮ! ላንተ ነው እንጂ ፈቅጃለሁ! አባቴ ፊት ቆሜ፣ ወንድ ሜዳ ላይ ጠይቆኝ ነበር፣ እኔም ወድጄው ነበር ልበል? እንዲህ ያለች ልጅ እኛ ሰፈር አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። ከዚያ የባሰውን ነገራት። አሰብ ወደብ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ሲለመን እምቢ ብሎ ነበር። እሷ ዝም ባለችበት ማግስት ሄዶ ፈረመ። ነገ ጀልባዎቹን ደብረ ዘይት አድርሶ፣ ከዚያው በአባቱ መኪና አሰብ ይወርዳል።

«አትሂድ፣ ቅር!»

«ፈርሞ መቅረት በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ። እኔን ብቻ አይደለም የሚጠይቁት፤ አባቴንም ነው።» አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ። «ፋዲላ፣ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ ያልፈቀድሽውን ሰው አታግቢ። ለኔ ብለሽ አይደለም።»

«ላንተ ብዬ ካልሆነ ለማን ብዬ ነው ታዲያ?»

ከመንገዱ ማዶ ጓደኞቻቸው አብዱልሰላምን እየጠሩ ነበር፤ እሱ ግን እዚያው እንደቆመ እጁ በባዶው ሜዳ ላይ የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፋዲላ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሲያሳዝናት ተሰማት፤ ከራሷ በላይ አሳዘናት።

መገናኛ ስትደርስ አስር ሰዓት ገደማ ነው። አደባባዩን ታክሲ ሞልቶታል፤ ወያላ ይጮሃል። ሐጂ ሳልህ ሱቃቸው ውስጥ ለአንድ ደንበኛ የመኪና ሸራ እየቆረጡ ነበር። ደንበኛው ተሸክሞ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆመች። ከሄደ በኋላም ትንሽ ቆመች። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ታውቀው ነበር።

«አባ፣ ያን ቀን ዝም ያልኩት ሌላ ሰው መስሎኝ ነው።»

መቀሱ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ቃል ልስጥ ሲሉኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። እማም አልነገረችኝም፤ እርስዎ የነገሩኝ መስሏት ነው። እኔ… ሌላ ሰው የላከ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ሐጂ ሳልህ መቀሱን አስቀመጡ። «ማን የላከ መስሎሽ?»

ይህ ሁሉ መዓት የመጣው አንድ ስም ባለመጠራቱ ነው። ፋዲላ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አብዱልሰላም። የካራው የሾፌሩ የከድር ልጅ። ጀልባ ያሠለጥነናል።»

«ጠይቆሻል?»

«አባቱን ልላክ ወይ ብሎኝ ነበር።»

«ምን አልሽው?»

«ዝም አልኩት።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሐጂ ሳልህ ማስረዳት አላስፈለገም። የሸራ ጥቅል ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ፋዲላ ጥፊ ጠበቀች። ቢመቷት በቀለላት፤ ግን እጃቸውን ከፊታቸው ሲያነሱ በአንዴ ያረጁ መሰላት።

«የሰፈር ሽማግሌ ፊት ነው ቃል የሰጠሁት» አሉ። «ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ለአብዱልናስር ፈቅደሻል?»

«አባ…»

«አንዴ ነው የምጠይቅሽ። ዓይኔን እያየሽ መልሺልኝ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት፤ ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አልፈቀድኩም» አለች።

ሐጂ ሳልህ ተነሱ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ልጅቱ ሳትፈቅድ ኒካህ የለም» አሉ፣ ለሷ ሳይሆን ለራሳቸው። «ሱቁን ጠብቂ።»

በበሩ ስታያቸው አደባባዩን አቋርጠው ወደ ሾላ አቅጣጫ ሄዱ። መንገድ ላይ ሰው ሳይጨብጡ የማያልፉ ሰው፣ ዛሬ የሰላምታ እጅ የዘረጋላቸውን ሁሉ ሳያዩት አለፉ። ፋዲላ ነፃ የወጣችው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ግን ደስታ የሚባል ነገር በአጠገቧ አልደረሰም። ሱቁ በር ላይ አንድ ታክሲ ቆሞ ወያላው «ካራ! ካራ! አንድ ሰው!» ይላል። ለአንድ ሰው ቦታ አለ። ሄዳ «ተናገርኩ» ልትለው ትችላለች፤ ነገ አይኖርም። ታክሲው እሷን የሚጠብቅ ይመስል ቆሞ ቆየ። እሷ ግን የአባቷን ሱቅ በር ይዛ ቆመች። ዛሬ ይህን ያህል ወስዳባቸው፣ ተመልሰው ሲመጡ ሱቁን ባዶ እንዲያገኙት ማድረግ አልቻለችም። ታክሲው ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

ሐጂ ሳልህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። ውሃ ጠየቁ፤ ቆመው ጠጡ።

«ቃሌን አንስቻለሁ» አሉ። «አብዱልናስር ራሱ እዚያ ነበር። 'ያልፈቀደችኝን አላገባም፣ ሐጂ አይጨነቁ' አለኝ። ልጁስ ልጅ ነው። አባቱ ግን እጄን ሳይጨብጥ ከቤቱ ወጣ። አብረን ነበር ንግድ የጀመርነው።» ብርጭቆውን መለሱላት። «አሁን አንቺ ስሚኝ። ለሾፌሩ ልጅም ቃል የለኝም። ሰው ምን ይላል? ለሱ ብሎ አፈረሰው ይላል። የጀልባውም ነገር ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ ቀበሌው ቢቆጣ ከኔ ጋር ይነጋገር።»

«እሺ አባ።»

ዘግተው ወጡ። ወደ ላምበረት ጎን ለጎን ሄዱ። ነገ ማለዳ በዚሁ መንገድ ጀልባዎቹን የጫነው መኪና ያልፋል። የሰፋችው ሸራ በላዩ አለ፤ እሷ የለችበትም። ደብረ ዘይት ደርሰው ሲወጥሩት ገመዱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።

«አባ፣ ነገ አሰብ ይሄዳል።»

ሐጂ ሳልህ መራመዳቸውን አላቆሙም።

«ተመልሶ መጥቶ አባቱን ቢልክስ?»

መልስ የለም። አንድ ሰፈር አለፉ። የድሮዋ ፋዲላ ብትሆን ዝምታውን ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ ስታደርገው ታድር ነበር። አሁን ግን አልቻለችም። መንገድ መሃል ቆመች።

«አባ፣ ዝም አሉኝ። እንዳልሳሳት ይንገሩኝ። እሺ ነው ወይስ አይሆንም?»

አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየ። ሐጂ ሳልህም ቆሙ። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ ከየት የመጣች ልጅ ናት እንደሚል ሰው ነበር አስተያየታቸው። ቁጣው ፊታቸው ላይ ነበር፤ ድካሙም ነበር።

«መጀመሪያ በሕይወት ይመለስ» አሉ።

ፋዲላ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሻሿን ወደ ፊቷ ሳትስብ አለቀሰች። ሐጂ ሳልህ «ሰው ያየናል» አላሏትም። እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቆመው ጠበቋት።